ዴልሂን በአምስት ቀን፦ ከወር ምርጫ እስከ መልስ በረራ

ከአዲስ አበባ ወደ ዴልሂ የሚደረገው የቀጥታ በረራ ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ከሰሜን አሜሪካ የሚነሣ መንገደኛ ደግሞ በአዲስ አበባም ሆነ በአውሮፓ በኩል ቢመጣ፣ መጠባበቂያውን ጨምሮ ወደ አንድ ሙሉ ቀን የሚጠጋ ጊዜ በመንገድ ላይ ያሳልፋል። ብዙ ወገኖቻችን ወደ ሕንድ የሚሄዱት ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ በመሆኑ ከተማዋን በቅጡ ሳያዩ ይመለሳሉ። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ዴልሂን ለማየት ብለው አራት ወይም አምስት ቀን ለሚመድቡ፣ እንዲሁም ሕመምተኛ ሲያስታምሙ ጥቂት ትርፍ ቀናት ለሚያገኙ ሰዎች ነው። ከአካባቢዋ ጋር ከ30 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባትን ከተማ በዚህ ጊዜ አዳርሶ ማየት ስለማይቻል፣ የሚታዩ ቦታዎችን ዝርዝር ከማውጣት በፊት ሦስት ነገሮችን መወሰን ያስፈልጋል፦ በየትኛው ወር እንደሚሄዱ፣ በሳምንቱ በየትኛው ቀን እንደሚገቡና በየትኛው ሰፈር እንደሚያርፉ። በዴልሂ ተጓዥን የሚያደክሙት አብዛኞቹ ነገሮች ከእነዚህ የአንዱ አለመስተካከል የሚያመጣቸው ናቸው።

ወሩ

ዴልሂ ከባሕር ወለል በላይ 216 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ ያላት ሜዳማ ከተማ ናት፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካለችው አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሙቀቷም ብርዷም እንግዳ ነው። ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ጁን ማብቂያ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ 45 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናትም አሉ። በዚህ ወቅት ረፋዱ ላይ ድንጋይ በተነጠፈበት ሰፊ ግቢ ውስጥ መዘዋወር ለጤነኛ ሰው አስጨናቂ፣ ለአረጋውያንና ለሕፃናት ደግሞ አደገኛ ነው። ከጁን መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር የሚዘልቀው ዝናብ ሙቀቱን ጋብ ቢያደርገውም እርጥበቱ ይከብዳል፤ አንዳንድ ጎዳናዎችም በጎርፍ ይዘጋሉ።

ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ ያለው ጊዜ ቀዝቀዝ ስለሚል በብዙዎች ዘንድ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን የከተማዋ አየር በጣም የሚበከለው በእነዚህ ወራት ነው። በአጎራባቾቹ በፑንጃብና በሃሪያና ግዛቶች ገበሬዎች ሩዝ ካጨዱ በኋላ የሚያቃጥሉት ገለባ ጭስ፣ ዲዋሊ የተባለው የሂንዱዎች በዓል ርችት፣ የተሽከርካሪና የፋብሪካ ጭስ እንዲሁም የግንባታ አቧራ ይደራረባሉ፤ ነፋሱ የተዳከመበትና በምድር አጠገብ የረጋው ቀዝቃዛ አየርም እንዳይበተኑ አፍኖ ይይዛቸዋል። አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው በዚህ ወቅት ዴልሂን ለሽርሽር ባይመርጥ ይሻላል። ከዲሴምበር መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የማለዳው ጉም በረራዎችንና ባቡሮችን ለሰዓታት ያዘገያል።

ስለዚህ ለከተማ ጉብኝት የሚስማሙት ፌብሩዋሪና ማርች፣ ማለትም ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ ያለው ጊዜ፣ እንዲሁም ኦክቶበር ናቸው። እኔ ከሁለቱ የመጀመሪያውን አስቀድማለሁ፤ የዝናቡ ወቅት ካለፈ ቆይቷል፣ የብርዱ ወራት ጭስ ቀለል ብሏል፣ የአትክልት ስፍራዎቹም በአበባ የተሞሉት ያኔ ነው። ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ከሚውልበት ወቅት ጋር መግጠሙም ጿሚን ሊያሳስበው አይገባም፤ ምክንያቱን ስለ ምግብ በሚያወሳው ክፍል ላይ አቀርባለሁ። ቀን ሲቆርጡ ሁለት ብሔራዊ በዓላትን ያስታውሱ፦ ጃንዋሪ 26 (ጥር 18) የሪፐብሊክ ቀን ሲሆን ለሰልፉና ለልምምዱ የመሐል ከተማው መንገዶች ይዘጋሉ፤ ኦገስት 15 (ነሐሴ 9) የነጻነት ቀን ሲሆን ከበዓሉ አስቀድሞ ባሉት ቀናት በአሮጌው ዴልሂ ያለው ቀዩ ምሽግ ለጎብኚ ዝግ ይሆናል።

ሰነዶች

የሕንድ ቪዛ በኢንተርኔት የሚጠየቅ ሲሆን፣ ማመልከቻው የሚሞላው አድራሻው በ«ጎቭ ዶት ኢን» (gov.in) በሚያልቀው የሕንድ መንግሥት ገጽ ላይ ብቻ ነው። የመንግሥቱን ገጽ አስመስለው ተጨማሪ ክፍያ የሚጠይቁ የአማላጆች ገጾች ስለሚበዙ አድራሻውን ሳያረጋግጡ የካርድዎን ቁጥር አይስጡ። በገጹ ላይ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ የሚፈቀድላቸው አገሮች ዝርዝር አለ፤ የያዙት ፓስፖርት አገር በዝርዝሩ ካለ በዚያው ይጨርሳሉ፣ ከሌለ በሚኖሩበት አገር ባለው የሕንድ ኤምባሲ በኩል ያመለክታሉ። አንድ ቤተሰብ ሆነው ከፊሉ የኢትዮጵያ፣ ከፊሉ የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዙ ሰዎች መንገዳቸው ሊለያይ ስለሚችል የእያንዳንዱን ለየብቻ ማየት አለባቸው። ፓስፖርቱ ከመግቢያው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረውና ሁለት ባዶ ገጾች ያሉት መሆን ይኖርበታል። የቪዛውን ዓይነትም በጥንቃቄ ይምረጡ፤ ለሕክምና የሚሄድ ሰው የሕክምና፣ አብሮት የሚሄደው ደግሞ የአስታማሚ ቪዛ መጠየቅ እንጂ የቱሪስት ቪዛ ይዞ ሆስፒታል መግባት የለበትም።

ከቪዛው እኩል የሚያስፈልገው ቢጫ ካርዱ ነው። ሕንድ ኢትዮጵያን የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስለመደበቻት፣ ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ ከዘጠኝ ወር በታች ካለ ሕፃን በስተቀር የክትባት ምስክር ወረቀት ማሳየት ይጠበቅበታል። ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ የዕድሜ ልክ ያገለግላል። ያለ ካርዱ የደረሰ ሰው እስከ ስድስት ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል፤ ለአምስት ቀን ጉብኝት የሄደ ሰው ጉዞውን በሙሉ በዚያ ሊጨርሰው ነው ማለት ነው። ይህ ደንብ ከውጭ አገር የሚመጡትንም ይነካል፦ ከዋሽንግተን ተነሥቶ ቦሌ ላይ ከአየር ማረፊያው ሳይወጣ አውሮፕላን የሚቀይር ሰው ነጻ ሲሆን፣ ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ጥቂት ቀን አዲስ አበባ ሰንብቶ የሚያልፈው ግን ካርዱን መያዝ አለበት። ለክትባቱ ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ የፖሊዮ ጉዳይንም አብረው ይጠይቁ፤ ሕንድ ይህን ክትባት የምትጠይቅባቸው አገሮች ዝርዝር ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለዋወጣል።

ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ደግሞ የውጭ አገር ዜጎች በአውሮፕላን ውስጥ ይሞሉት የነበረው የመግቢያ ቅጽ በኢንተርኔት የሚሞላ ሆኗል፤ ከመድረሻው ቀደም ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ በነጻ ይሞላል። የቪዛውን ፈቃድ፣ የሆቴሉን ማረጋገጫና የመልሱን ትኬት በስልክ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም አትመው ይያዙ። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በሕንድ ከ2019 ጀምሮ የተከለከለ መሆኑንና የሳተላይት ስልክ ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት እንደሚያስጠይቅም ይወቁ።

ትኬቱና በረራው

በትኬት ላይ ቀንና ሰዓት የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠርና በ24 ሰዓት ስሌት በመሆኑ፣ በተለይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሡ በረራዎች ሰው ያሳስታሉ። ትኬትዎ «15 ማርች፣ 02:30» ቢል አውሮፕላኑ የሚነሣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ስለሆነ፣ ከቤት የሚወጡት ማርች 14 ምሽት ላይ ነው። ከዴልሂ የሚደረጉ የመልስ በረራዎች ብዙዎቹ በዚህ ዓይነት ሰዓት ስለሚነሡ የሆቴሉን የመጨረሻ ቀን ሲቆጥሩ ይህን ያስቡ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ሰዓቶች በእኛ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው፤ ዓመታቱ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዴልሂ ሰዓት ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል፤ ለሰውነት ብዙ የማይከብድ ልዩነት ነው። ከዋሽንግተንና ከኒው ዮርክ ግን እንደ ወቅቱ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ስለሚርቅ ቀንና ሌሊቱ ይገለበጣል። ከዚያ የሚመጣ ሰው አዲስ አበባ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት አድሮ ቢቀጥል ድካሙን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ቢጫ ካርዱን ካሟላ ይህ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይመስለኛል። አውሮፕላን የሚቀይሩ ከሆነ ሁለቱም በረራዎች በአንድ ትኬት ውስጥ የተያዙ ይሁኑ፤ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ አየር መንገዱ ቀጣዩን የማስተካከል ግዴታ ይኖርበታል፣ ሻንጣዎ ደግሞ እስከ ዴልሂ በቀጥታ ይላካል።

ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሥተው ማለዳ የሚገቡ ከሆነ እራትዎን ቤትዎ በልተው፣ በአውሮፕላን ውስጥ ምግቡን ሳይጠብቁ ወዲያው ቢተኙ የመጀመሪያው ቀን አይባክንም። ከስድስት ሰዓት በላይ ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ስለሚችል፣ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተው ይራመዱ፣ በመቀመጫዎ ላይም ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ፣ ውኃም ደጋግመው ይጠጡ። ነፍሰ ጡር፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወይም ከዚህ በፊት ደም ረግቶበት የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ ለሕክምና ሄደው በማገገም ላይ እያሉ ለሚመለሱ ወገኖች ይህ ምክር ከማንም በላይ ይሠራል። መድኃኒት ከሐኪም ማዘዣው ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዛል። ለሴቶች አንድ ነጠላ በእጅ ሻንጣ መያዝ ለአውሮፕላኑ ብርድ ከመጥቀሙም ሌላ በከተማዋ ቤተ እምነቶች ራስን ለመሸፈን ያገለግላል።

ማረፊያው

በዴልሂ ሆቴል ሲመርጡ በመጀመሪያ የሚታየው ከሜትሮ ጣቢያ ያለው ርቀት ነው፤ በእግር ከአሥር ደቂቃ መብለጥ የለበትም። ለአጭር ጉብኝት የሚመቸው የቢጫውና የሐምራዊው መስመር አካባቢ ነው። ኮኖት ፕሌስ የተባለው መሐል ከተማ ለሁሉም ቅርብ ሲሆን ዋጋው ከፍ ይላል፤ ካሮል ባግ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ብዙ ሆቴሎች አሉት፤ ሃውዝ ካስና ግሪን ፓርክ ጸጥ ያሉ የደቡብ ዴልሂ ሰፈሮች ናቸው። ከኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ፓሃርጋንጅ ርካሽ ቢሆንም ጫጫታውና ደላላው ስለሚበዛ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው አልመክረውም። በአየር ማረፊያው አጠገብ ያለው ኤሮሲቲ የሚጠቅመው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው።

ሆቴሎች የውጭ አገር እንግዳ ባረፈ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማስመዝገብ አለባቸው፤ አንዳንድ ትናንሽ ማረፊያዎች ይህን ስለማያደርጉ የውጭ ዜጋ አይቀበሉም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የውጭ አገር ዜጋ እንደሚቀበሉ በጽሑፍ ያረጋግጡ። ተማሪ ዘመድ ቤት የሚያርፍም ቢሆን ምዝገባው ይመለከተዋል። ማለዳ የሚገቡ ከሆነ ክፍሉ ከቀትር በፊት እንዲሰጥዎ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ካልሆነም ሻንጣ አስቀምጦ መውጣት የተለመደ ነው።

በሳሪታ ቪሃር ባለው ትልቅ ሆስፒታል አካባቢ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ሰዎች ሰፈር መቀየር አያስፈልጋቸውም። ጃሶላ አፖሎ ከተባለው ጣቢያ የሚነሣው የሐምራዊው መስመር ባቡር ምንም መቀየር ሳያስፈልግ እስከ አሮጌው ከተማ ድረስ ስለሚወስድ፣ ግማሽ ቀን ነጻ የሆነ አስታማሚ በቀላሉ ሄዶ ሊመለስ ይችላል።

ከአየር ማረፊያው ወደ ከተማ

የኢትዮጵያ መንገደኞች የሚወርዱት በኢንዲራ ጋንዲ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ተርሚናል 3 ነው። ከዚያ የሚነሣው ፈጣን ሜትሮ ኒው ዴልሂ ጣቢያ በ20 ደቂቃ ገደማ ያደርሳል፤ ሻንጣው ቀላል ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ሻንጣ የበዛበት ሰው ዋጋው አስቀድሞ የሚከፈልበትን የፖሊስ የታክሲ መስኮት ወይም በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይጠቀም፤ መውጫው ላይ ቀርቦ «ታክሲ» የሚል ሰው አይከተሉ። ሾፌሩ ሆቴልዎ ተዘግቷል፣ መንገዱ ታጥሯል ወይም ወደ መንግሥት የቱሪስት ቢሮ ልውሰድዎ ቢል አይመኑት፤ ኮሚሽን ወደሚከፍለው ሆቴል ወይም የጉዞ ወኪል ለመውሰድ የተለመደ ዘዴ ነውና ወደ ሆቴሉ ራስዎ ይደውሉ።

ሲም ካርድ ለመግዛት ፓስፖርትና ቪዛ ያስፈልጋል፤ መስመሩ እስኪከፈት ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል የሆቴሉን አድራሻ በወረቀት ይያዙ። ብር በዴልሂ አይመነዘርም። ከባንክዎ በጉዞ ሰነድ የገዙትን ዶላር ይዘው ይሂዱ፤ በጥሬ ገንዘብ ከ5,000 ዶላር በላይ የያዘ ሰው ሲገባ ለጉምሩክ ማሳወቅ አለበት። በአየር ማረፊያው ለመጀመሪያው ቀን የሚሆነውን ብቻ መንዝረው ቀሪውን በከተማው ውስጥ ፈቃድ ባለው መንዛሪ ያስመንዝሩ። ባለ 2,000 ሩፒ ኖት በ2023 ከገበያ እንዲወጣ ስለተደረገ አይቀበሉ፤ የተቀደደ ኖትም ማንም ስለማይወስድልዎ እዚያው ይመልሱ። የከተማዋ ሰው እስከ ሻይ ሻጩ ድረስ በስልክ ይከፍላል፤ ይህ ዘዴ ለጎብኚ ወዲያው ስለማይመቻች ባለ 50ና ባለ 100 ሩፒ ዝርዝር ይያዙ።

በከተማው ውስጥ መጓጓዣዎ ሜትሮ ይሁን። በመደበኛ መስመሮች ረጅሙ ጉዞ እንኳ ከ70 ሩፒ አይበልጥም፤ ባቡሮቹ ንጹሕና ቀዝቃዛ ናቸው፤ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ገደማም ይሠራሉ። በየጣቢያው መግቢያ ፍተሻ ስላለ ትልቅ ቦርሳ ባይዙ ይመረጣል። ከፊት ያለው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ የተለየ ስለሆነ ብቻዋን የምትጓዝ ሴት በሰልፍ ሰዓት ብትጠቀምበት ይመቻታል። ከጣቢያ ወደ ቦታው ለሚቀረው አጭር መንገድ ኦቶ የሚሏቸውን ባጃጆች በስልክ መተግበሪያ መጥራት ከክርክር ያድናል።

ቀኖቹን መደልደል

በዴልሂ ሰኞ የሚዘጋው ብዙ ነው፦ ቀዩ ምሽግ፣ ብሔራዊ ሙዚየሙ፣ የጋንዲ መታሰቢያ ቤት፣ የሎተስ ቤተ መቅደስና አክሻርዳም የተባለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ሁሉም ሰኞ ዝግ ናቸው። እሑድ የቻንድኒ ቾክ ሱቆች ይዘጋሉ። ዓርብ ቀትር ላይ በጃማ መስጂድ ታላቁ የጁምዓ ሶላት ስለሚሰገድ ጎብኚ አይገባም፤ አግራ ያለው ታጅ ማሃልም ዓርብ ዓርብ ዝግ ነው። ሐሙስ ምሽት ግን በኒዛሙዲን መቃብር ስፍራ ቃዋሊ የተባለው የሱፊዎች መንፈሳዊ ዝማሬ ይዜማል። እነዚህን ሁሉ አስማምቶ ለማየት ሐሙስ ማለዳ ገብቶ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት መመለስ ከሁሉ የተመቸ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ትንሽ ካረፉ በኋላ፣ ወደ ሁማዩን መቃብር ይሂዱ። ይህን ሕንፃ ሕንድን ይገዛ ለነበረው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ለሁማዩን ያሠራችው ሚስቱ ቤጋ ቤገም ስትሆን ሥራው የተጠናቀቀው በ1570ዎቹ መጀመሪያ ግድም ነው፤ በመካከሉ የውኃ ቦይ የሚያልፍበት አራት ማዕዘን አትክልትና በላዩ የቆመው ጉልላት ከ60 ዓመት በኋላ ለተጀመረው ለታጅ ማሃል አብነት ሆኗል። ታጅ ማሃልን ለማየት ጊዜ የሌለው ሰው ይህን ቢያይ ብዙ አልቀረበትም እላለሁ፤ ሰዉ ስለማይጋፋ አንድ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ማየት ይቻላል። ከዚያ በእግር ወደ ኒዛሙዲን ሰፈር ይሻገሩ። በ1325 ያረፈው ሱፊ ኒዛሙዲን አውሊያና ባለቅኔው አሚር ኩስሮ የተቀበሩት እዚያ ነው። ጫማ አውልቀው፣ ራስዎን ሸፍነው ይገባሉ፤ መተላለፊያው ጠባብና የተጨናነቀ ስለሆነ ቦርሳዎን ከፊትዎ ይያዙ።

ዓርብ ለኒው ዴልሂ ይሁን። የጋንዲ መታሰቢያ ቤት መግቢያው ነጻ ነው፤ ማሃተማ ጋንዲ የመጨረሻዎቹን 144 ቀናት ያሳለፈውና ጃንዋሪ 30 ቀን 1948 በጥይት የተገደለው በዚህ ግቢ ሲሆን፣ ወደ ጸሎት ስፍራው የሄደበት መንገድ በእግር ዱካ ቅርጽ ተለይቶ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ኢንዲያ ጌት የተባለውን የጦር መታሰቢያ ቅስት፣ ምሽት ላይ ደግሞ ባንግላ ሳሂብ የተባለውን የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች ቤተ ጸሎት ይዩ። በዚያ ሃይማኖትና ዘር ሳይለይ ለመጣ ሁሉ በነጻ ማዕድ ይቀርባል፤ ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀምጠው መብላት፣ ከፈለጉም ሽንኩርት በመላጥ ወይም ሳህን በማጠብ መርዳት ይችላሉ።

ቅዳሜ አሮጌው ዴልሂ ነው፤ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይድረሱ። የሙጋሉ ንጉሥ ሻህ ጃሃን ከ1638 እስከ 1648 ያሠራው ቀዩ ምሽግ፣ ከእሱ ፊት ለፊት የሚጀምረው የቻንድኒ ቾክ ጎዳናና በ1656 የተጠናቀቀው ጃማ መስጂድ በእግር የሚደረሱ ናቸው። በዋናው ጎዳና ቀን ላይ የሞተር ተሽከርካሪ ስለማይገባ በእግር ወይም በብስክሌት ጋሪ ይሄዳሉ። በምዕራብ ጫፉ ያለው ካሪ ባውሊ የቅመም ጅምላ ገበያ ሲሆን የበርበሬው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል፤ ኮረሪማን የለመደ ሰው ሄልና ጥቁር ካርዳሞም በጆንያ ተቆልሎ ሲያይ መቆየት ይፈልጋል። ለግዢ ከሆነ ግን ዋጋ ሦስት ሱቅ ሳይጠይቁ አይክፈሉ።

ሰኞ ለቁጥብ ሚናር ይቆይ፤ እሱ በየቀኑ ክፍት ነው። 72.5 ሜትር ከፍታ ያለውን ይህን ግንብ ቁጥቡዲን አይባክ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀመረው፤ ከእሱ በኋላ የነገሠው ኢልቱትሚሽ ቀጠለው። በግቢው ውስጥ ከ1,600 ዓመት በላይ ሳይዝግ የቆመ የብረት ዓምድ አለ። የኢልቱትሚሽም መቃብር እዚያው ነው፤ ልጁ ራዚያ ከ1236 እስከ 1240 በዴልሂ ዙፋን ላይ የተቀመጠች ሴት ሱልጣን ነበረች። ለእኛ አንባቢዎች ታሪኳን የሚያቀርበው፣ የፈረሶቿ አዛዥ አድርጋ የሾመችው ጀማሉዲን ያቁት ሐበሻ መሆኑ ነው። መኳንንቱ በሹመቱ ተቆጥተው ባመጹ ጊዜ ያቁት ተገደለ፤ እሷም ብዙ አልቆየችም። የራዚያ ነው የሚባለው መቃብር በአሮጌው ዴልሂ በቱርክማን በር አካባቢ በጠባብ መንደር ውስጥ፣ ጣሪያ በሌለው ትንሽ ግቢ ይገኛል፤ ቅዳሜ ጃማ መስጂድን ካዩ በኋላ ሃያ ደቂቃ ቢመድቡለት ይገባዋል።

በቀዩ ምሽግ፣ በሁማዩን መቃብርና በቁጥብ ሚናር የውጭ ዜጋ መግቢያ እያንዳንዱ 600 ሩፒ ገደማ ሲሆን፣ ትኬቱን በኢንተርኔት ቀድሞ መግዛት ሰልፉን ያስቀራል።

እሑድን ለአግራ ማድረግ ይቻላል። ጋቲማን የተባለው ባቡር ከሃዝራት ኒዛሙዲን ጣቢያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አልፎ ይነሣና በ100 ደቂቃ ገደማ አግራ ይደርሳል፤ ምሽት ላይ በዚያው ይመለሳሉ። የባቡር ትኬት ሽያጭ የሚከፈተው ከ60 ቀን በፊት ነው። የታጅ ማሃል መግቢያ ለውጭ ዜጋ 1,100 ሩፒ፣ ወደ መቃብሩ ውስጥ ለመግባት ተጨማሪ 200 ሩፒ ነው። ጃይፑርንም ጨምሮ ሦስት ከተማ በአምስት ቀን እናሳያችሁ የሚሉ ወኪሎች አሉ፤ ይህን ዕቅድ አልደግፈውም፤ ሁለቱን ቀን መኪና ውስጥ ያሳልፋሉና።

ምግቡና ውኃው

ሥጋ የማይበላው ሕዝብ ብዙ በመሆኑ ሥጋ የሌለበት ምግብ በየመንገዱ ይገኛል፤ በታሸጉ ምግቦች ላይም አረንጓዴ ነጥብ ካለ ሥጋ የለበትም። ይሁን እንጂ በሕንድ «ቬጅ» የሚባለው ወተት፣ እርጎ፣ ፓኒር የተባለውን አይብና የተነጠረ ቅቤ ስለሚጨምር ለጿሚ በቂ ማረጋገጫ አይደለም። ምስሩ ከእሳት ሲወርድ በላዩ ቅቤ ይፈስበታል፣ ናን የሚባለው ዳቦ ብዙ ጊዜ በእርጎ ይቦካል፣ ሻዩም በወተት የሚፈላ ነው። ስለዚህ ሲያዝዙ «ጊ ናሂ፣ ማካን ናሂ፣ ዱድ ናሂ፣ ዳሂ ናሂ» ብለው ቅቤውን፣ ወተቱንና እርጎውን ሁሉ ያስቀሩ፤ በዘይት እንዲሠራልዎም ይጠይቁ። ቅቤ ያልተቀባ ታንዱሪ ሮቲ የተባለው ቂጣ፣ የሽምብራ ወጥ የሆነው ቻና ማሳላ፣ ድንችና አበባ ጎመን የሆነው አሉ ጎቢ በዚህ መንገድ ሲሠሩ ሙሉ የጾም ማዕድ ይሆናሉ። ከደቡብ ሕንድ ምግብ ቤቶች ደግሞ ከሩዝና ከጥቁር ምስር ሊጥ የሚጋገረው ዶሳ በዘይት ከተጋገረልዎ ያለ ስጋት ይበላል።

ሙስሊም ተጓዦች በጃማ መስጂድ ዙሪያ ሐላል ሥጋ እንደ ልብ ያገኛሉ። የላም ሥጋ በዴልሂ አይሸጥም። ውኃ ሁልጊዜ ክዳኑ ያልተከፈተ የታሸገ ይጠጡ፣ ጥርስዎንም በእሱ ይቦርሹ፤ በረዶ የገባበት መጠጥና አስቀድሞ የተላጠ ፍራፍሬ ይቅርብዎ። በመንገድ ላይ ለመብላት የሚደፍሩ ከሆነ ፊትዎ ላይ ተጠብሶ ትኩስ የወጣውን ይምረጡ። ለተቅማጥ የሚሆን የጨውና ስኳር ቅልቅል ዱቄት ከቤት ይዞ መሄድ ጥሩ ነው።

መመለሻው

የሆቴል ክፍሉን ቀትር ላይ ለቅቀው በረራዎ ሌሊት ከሆነ ሻንጣውን አስቀምጠው ዲሊ ሃት ወደተባለው የእጅ ሥራ ገበያ ይሂዱ፤ ሰኞም ክፍት ነው። ወደ አየር ማረፊያው በአውሮፕላኑ መነሻ አራት ሰዓት ሲቀረው ይድረሱ። በተርሚናሉ በር ላይ የቆሙ ጠባቂዎች ፓስፖርትና የትኬት ማረጋገጫ ሳያዩ ማንንም አያስገቡም፤ ስልክዎ ቢዘጋ እንኳ እንዲያሳዩ ትኬቱን በወረቀት ይያዙ፤ ሊሸኝዎ የመጣ ሰውም ከበሩ ውጭ እንደሚቀር አስቀድመው ይንገሩት። የቀረዎትን ሩፒ ከፍተሻው በፊት መልሰው ይመንዝሩ፤ ለዚህም መጀመሪያ ሲመነዝሩ የተሰጠዎትን ደረሰኝ ሊጠየቁ ስለሚችሉ እንዳይጥሉት። በቆይታዎ ችግር ከገጠመዎ የአደጋ ጊዜ ጥሪ 112፣ የቱሪስቶች የእርዳታ መስመር 1363 ነው፤ ፓስፖርት የጠፋበት የኢትዮጵያ ዜጋ በመጀመሪያ ለፖሊስ አስመዝግቦ ወረቀቱን በመያዝ በቻናክያፑሪ ወደሚገኘው ኤምባሲያችን ይሄዳል።